«አትቆስቁሺኝ»

ልጅ ሳለሁ እናቴ በስሜ የምትጠራኝ እንግዳ ሲኖር ብቻ ነበር። በቀረው ጊዜ ስሜ «ቆስቋሽ» ነው። ታላቅ ወንድሜ ለጥናት ሲቀመጥ ክርኑን እየነካሁ የማስጮኸው እኔ፣ የጎረቤት ዶሮ እንቁላል ታቅፋ ባለችበት በገለባ እየጎነተልኩ የማስነሳት እኔ፣ እናቴ ራሷን አሟት ሻሿን ጠበቅ አድርጋ በተኛችበት «እማ፣ የቱ ጋ ነው ያመመሽ? እዚህ ጋ? ወይስ እዚህ?» እያልኩ ግንባሯን በጣቴ የምነካካው እኔ። «አትቆስቁሺኝ ብያለሁ!» ትለኛለች። የዛሬ ልጆች «አታብሽቀኝ» ነው የሚሉት። በእኛ ቤት ግን ያኔ ቃሉ ያው አንድ ነበር፤ እኔም ከመልመዴ የተነሳ ምን ማለት እንደሆነ አስቤው አላውቅም።

እናቴ ሐረር ውስጥ፣ በጀጎል ግንብ መሀል፣ መኪና ግርግር በሚባለው ጠባብ መንገድ ላይ፣ ከአንድ በር የማትሰፋ የክር፣ የቁልፍና የዚፕ ሱቅ ነበረቻት። መንገዱ ስሙን ያገኘው ግራና ቀኙን ከተደረደሩት የስፌት መኪናዎች ጩኸት ነው። ከትምህርት ቤት ስወጣ በቀጥታ ወደዚያ እሄዳለሁ፤ ሲመሻሽ እናቴ ሱቁን ትዘጋና አብረን በሸዋ በር ወጥተን ከግንቡ ውጪ ወዳለው ቤታችን እንመለሳለን።

ከሱቃችን ፊት ለፊት በአንድ በረንዳ ላይ ሁለት ሽማግሌ ልብስ ሰፊዎች ይቀመጡ ነበር። አንደኛው አው ነጂብ ናቸው። «አው» በሐረሪኛ አባት ማለት ነው፤ እኛም የክርስቲያን ልጆች ሆነን እንደ ሰፈሩ እንዲሁ ነበር የምንጠራቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። ሁለተኛው ጋሽ መኮንን ይባላሉ፤ አያታቸው ከሸዋ መጥተው ሐረር የቀሩ፣ አጠር ደልደል ያሉ፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው በሥራቸው ላይ ተደፍተው የሚውሉ። የሁለቱ መኪና በክንድ አይራራቅም። ወንበሮቻቸው ግን ጀርባና ጀርባ ነበሩ፤ ሁለቱ ሰዎችም አይነጋገሩም።

አንዱ የሌላው መቀስ ቢያስፈልገው እናቴን ይጠራል። «አስቴር፣ እዚያ ያለውን ጠመኔ አቀብዪኝ።» «አስቴር፣ እዚያ ያለው ሰው ክሬን ረግጦብኛል።» እናቴ መንገዱን ተሻግራ ትሄዳለች፣ ታቀብላለች፣ ትመለሳለች። ለምን እንደሆነ ጠይቄያት «አንቺ ሳትወለጂ የተጣሉ ናቸው፤ አርፈሽ ተቀመጪ» አለችኝ። እኛ ልጆች እንደ ጀጎል ግንብ ነበር የምናየው፤ የነበረ፣ ያለ፣ ማን እንደሠራው የማይጠየቅ።

ተረት የሚነግሩን አው ነጂብ ነበሩ። የመግሪብን፣ የምሽቱን ሶላት ሰግደው ሲመለሱ መኪናዎቹ አንድ በአንድ ዝም ይላሉ። ያኔ መብራት ቶሎ ቶሎ ስለሚጠፋ በረንዳው ምስማር ላይ ኩራዝ ይሰቀላል፤ አው ነጂብም የቀኑን ሥራ በከሰል ካውያ እየተኮሱ፣ አምስት ስድስት የምንሆን ልጆች ደረጃው ላይ ተጠጋግተን፣ ርጥብ ጨርቅ በጋለ ብረት ሥር «ሽሽ» ሲል እየሰማን፣ የላምባውና የከሰሉ ሽታ አፍንጫችንን እየሰነፈጠው፣ ስለ ጅቦች ንጉሥ፣ ስለ ሞኙ ዳኛ፣ ወንዝ ስላገባችው ልጅ እናዳምጣለን። ጋሽ መኮንን የማይሰሙ መስለው ይሰፋሉ። ተረቱ ጥሩ ጥሩ ቦታ ሲደርስ ግን የእሳቸውም መኪና ቀጥ ይላል።

አንድ ቀን እናቴ ለደንበኛዋ «ይቺን ቆስቋሽ ልጅ ምን ባደርጋት ይሻለኛል?» ብላ ስታማርር አው ነጂብ ሰሟት። በዚያው ምሽት ተረት ከመጀመራቸው በፊት ወደ እኔ ዞሩ።

«ቆስቋሽ ምን ማለት ነው?» አሉኝ።

«ሰው የሚያናድድ።»

«እሱስ ልክ ነው። ቃሉ ግን ከየት መጣ?»

ቃል ከሆነ ቦታ ተነስቶ የሚመጣ ነገር መሆኑን ያኔ አላውቅም ነበር።

አው ነጂብ የካውያውን ክዳን ከፈቱት። ውስጡ አመድ ብቻ ነው፤ ግራጫ፣ ልስልስ ያለ፣ የሞተ። ከመኪናቸው ሥር ቀጭን ሽቦ አንስተው አስያዙኝና «እስቲ ነካ አድርጊው» አሉኝ። ሽቦውን ሰደድ አድርጌ ገፋ ሳደርገው አመዱ ተሰነጠቀ፤ ከሥሩም ፍም ብቅ አለ፣ ቀይ፣ የሚተነፍስ፣ ፊቴን ሳይነካኝ የጠበሰኝ። ልጆቹ ሁሉ ወደ ኋላ ሸሹ።

«መቆስቆስ ይሄ ነው» አሉ። «ቃሉን ሰው ከምድጃ ነው የወሰደው። እሳት ሲደክም ይቆሰቆሳል። ቀፎም በእንጨት ቢነካኩት ንቡ ይቆሰቆሳል። ነገርም ይቆሰቆሳል። እገሌ ነገር ቆሰቆሰ ሲባል አዲስ ነገር ፈጠረ ማለት አይደለም፤ ተዳፍኖ የነበረውን ገለጠው ማለት ነው።»

ፈቲያ የምትባል ጓደኛዬ «ከመነዝነዝ በምን ይለያል?» ብላ ጠየቀች።

«የሚነዘንዝ ሰው ዝንብ ነው፤ እሽ ስትዪው ይሄዳል፣ ተመልሶ ይመጣል። የሚተነኩስ እሾህ ነው፤ ወጋ አድርጎሽ ያልፋል። የሚቆሰቁስ ግን እጁን ውስጥሽ ነው የሚሰደው። ውስጥሽ ፍም ከሌለ ቢቆሰቁስሽ አቧራ ነው የሚነሳው። ካለ ግን፣ ያ ረቢ! ባለቤቱም የማያውቀው እሳት ይወጣል።»

ከዚያ ተረቱን ቀጠሉ። ዱሮ ከድሬ ጠያራ ወዲያ ባለ አንድ መንደር ሰባት ቀን ሰባት ሌሊት ዘንቦ የቤቱ ሁሉ እሳት ጠፋ። ሰዉ በብርድ ሊያልቅ ሆነ። አንዲት ልጅ ከመንደሩ ዳር ብቻዋን የምትኖር፣ ማንም የማይጠይቃት አሮጊት ቤት ገብታ ምድጃዋን ብትቆሰቁስ የምስር ፍሬ የምታህል ፍም አገኘች፤ መንደሩም በሙሉ ከእሷ ለኮሰ። ልጅቱ ተመረቀች፣ ተወደሰች። በመከር ጊዜ ደግሞ አውድማ አጠገብ አመድ አየችና «እዚህም ይኖራል» ብላ ቆሰቆሰች። ነፋስ ነበር። የመንደሩ ማሽላ ነደደ። ሽማግሌዎች «እጇ ይመታ» ብለው ሲፈርዱ ያቺ አሮጊት ተነስታ፣ «እጁ ያው ያሞቃችሁ እጅ ነው፣ እንጨቱም ያው እንጨት ነው። አትምቷት። ከመቆስቆሷ በፊት ነፋሱን እንድታይ አስተምሯት» አለቻቸው።

ያን ምሽት ወደ ቤት ስንሄድ በመንገድ የማገኘው ሰው ሁሉ ደረቱ ላይ ክዳን ያለው መሰለኝ። የቆሎ ሻጯ፣ የጋሪው ነጂ፣ እናቴም ሳትቀር። በእያንዳንዱ ውስጥ እኔ የማላየው ነገር እየተነፈሰ ነው! እንዲህ ያለ ግርምት ከዚያ በፊት ተሰምቶኝ አያውቅም። ከተረቱ የቀረኝ ግን ፍሙ ብቻ ነበር፤ ነፋሱን ረስቼዋለሁ።

ለጥቂት ቀናት ሰው ሳይ ዋልኩ። በመጨረሻ ዓይኔ ጋሽ መኮንን ላይ አረፈ። ሲስቁ አይቼ አላውቅም፣ ሲቆጡም አይቼ አላውቅም። እኚህ ሰው ውስጥ ምን አለ? ክፋት አልነበረብኝም፤ ማየት ነበር የፈለግሁት። ዛሬ ሳስበው ግን ያ ጉጉት ከክፋት ብዙም የሚሻል አልነበረም።

ሐሙስ ቀን ነበር፣ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ። አው ነጂብ እሑድ ለምታገባ የአቦከር ሰፈር ልጅ የሙሽራ ቀሚስ ጨርሰው፣ ወይን ጠጅ ሐር፣ በስሱ ጨርቅ ሸፍነው እየተኮሱ ነበር። ጋሽ መኮንን ለተማሪ ዩኒፎርም ጨርቅ ላይ በጠመኔ ያሰምራሉ። ጠጋ ብዬ በጆሯቸው፣

«ጋሽ መኮንን፣ አው ነጂብ ስፌትዎ ጠማማ ነው አሉ» አልኳቸው።

ጠመኔውን አስቀመጡ። መነጽራቸውን አውልቀው፣ አጥፈው፣ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። ከዚያ ተነስተው ዞሩ። ሁለቱን ሰዎች ፊት ለፊት ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ነጂብ» አሉ።

ስሙን ሲጠሩ መንገዱ ላይ ያለው መኪና ሁሉ ጸጥ አለ። እናቴ ትቆጥረው የነበረውን ቁልፍ እጇ ላይ እንደያዘች ቀረች።

«ስፌቴ ጠማማ ነው አልክ?»

አው ነጂብ ካውያውን እንደያዙ ቀና አሉ። «እኔ?»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከጀርባህ ተቀምጬ…» አሉ ጋሽ መኮንን፤ ከዚያ በኋላ የወጣው ስለ ስፌት አልነበረም። «ልጄን ስቀብር የት ነበርክ? አንተ ክርስትናው ላይ ያቀፍከውን ልጅ! ሰው ሁሉ ሲመጣ አንተ የት ነበርክ?»

እጃቸውን ሲያወናጭፉ የመተኮሻውን ጠረጴዛ መቱት። አው ነጂብ ካውያውን ሊያሳርፉ ሲሉ ጠረጴዛው ተንጋደደ፤ ካውያው ወደቀ፣ ክዳኑ ተከፈተ፣ ፍሙም ከፊሉ ሐሩ ላይ፣ ከፊሉ ከጠረጴዛው ሥር ባለው የቁርጥራጭ ጨርቅ ክምር ላይ ፈሰሰ።

ጨርቅ በምን ፍጥነት እንደሚነድ ያን ቀን አየሁ። ነበልባሉ ወደ በረንዳው የእንጨት ጣሪያ ሲዘል አው ነጂብ ፍሙን ከሐሩ ላይ በባዶ እጃቸው እየጠረጉ ወደ ድንጋዩ መንገድ ጣሉት። ጋሽ መኮንን ኮታቸውን አውልቀው ክምሩ ላይ ጥለው ተጋደሙበት። እናቴ የመጠጥ ውሃችንን ጄሪካን አምጥታ ደፋችው፤ ውሃ በሳምንት አንዴ በምትመጣበት ጊዜ! ከላይም ከታችም ሰዎች እየሮጡ መጡ። እሳቱ ሲጠፋ ሁለቱ ሽማግሌዎች ውሃ እየተንጠባጠበላቸው፣ ጥላሸት ለብሰው፣ ደረጃው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያለከልኩ ነበር።

መጀመሪያ የተናገሩት አው ነጂብ ናቸው።

«ልጅህ በተቀበረ ቀን ድሬዳዋ ሐኪም ቤት ነበርኩ። ከዘይነባ ጋር።»

ዘይነባ ባለቤታቸው ነበሩ፤ ከዚያ ሐኪም ቤት በሕይወት አልተመለሱም። ይህን እናቴ ናት ኋላ የነገረችኝ።

«እሷን ቀብሬ በሦስተኛው ቀን በርህ ድረስ መጣሁ» አሉ አው ነጂብ። «መኮንን ፊትህን ማየት አይፈልግም ተባልኩ።»

«ማነው ያለህ?»

አው ነጂብ ጎንበስ ብለው ስም በጆሯቸው ነገሯቸው። ጋሽ መኮንን ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ለእኔም የነገረኝ እሱ ነው። ነጂብ ለክርስቲያን ልጅ አላለቅስም ብሏል አለኝ።»

«ሱብሐነላህ!»

«እኔም አመንኩት። አመንኩትና ዘይነባ ስትሞት ለቅሶ አልደረስኩህም።» ጋሽ መኮንን ጥላሸት በለበሰ እጃቸው ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ። ሽማግሌ ወንድ ድምፅ አውጥቶ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር። መንገዱ ላይ የቆመው ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ።

«ሰውየው ሞቷል» አሉ አው ነጂብ። «አላህ ይርሐመው። ተወው።»

ማን እንደነበር እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ሁለቱም ለማንም አልተናገሩም።

እኔ በዚህ ሁሉ ጊዜ እናቴ ሱቅ ውስጥ ከክር ካርቶኖቹ ጀርባ ተደብቄ ነበር። እናቴ «ለመሆኑ ይሄን ነገር ማን ነው የጀመረው?» ስትል ብወጣም ባልወጣም ማወቋ እንደማይቀር ገባኝ። ወጥቼ መሀል መንገድ ቆምኩ።

«እኔ ነኝ። አው ነጂብ ምንም አላሉም፤ ዋሽቼ ነው» አልኩ።

እናቴ እጇን አነሳች። አው ነጂብ ግን «ተያት፣ አስቴር» አሉና ወደ እሳቸው ጠሩኝ። ቀኝ መዳፋቸውን ዘረጉልኝ። ቆዳው ተገሽልጦ፣ ጣቶቻቸው አብጠው ነበር።

«እዪው» አሉኝ።

አየሁት። ዓይኔን ልመልስ ስል ደግመው «እዪው» አሉኝ፤ ቁጣ በሌለው ድምፅ። ሌላ ምንም አልጨመሩም። እናቴ በዚያ ቀን ብትመታኝ ኖሮ ዛሬ የማስታውሰው ዱላውን በሆነ።

የሙሽራዋ ቀሚስ ፊት ለፊቱ የትሪ ያህል ተቃጥሏል፤ የቀሩት ሁለት ቀን ናቸው፤ የሰፋው ሰው ቀኝ እጅ በፋሻ ተጠቅልሏል። ዓርብ ጠዋት ጋሽ መኮንን ወንበራቸውን አንስተው ወደ አው ነጂብ መኪና አዞሩት። አው ነጂብ ከጎናቸው ቆመው በግራ እጃቸው ያመለክታሉ፤ ጋሽ መኮንን ይቆርጣሉ፣ ይሰፋሉ። እኔ በእናቴ ትእዛዝ ከትምህርት ቤት መልስ የተቃጠለውን ክፍል ስፌት እየተረተርኩ ጣቴ እስኪላጥ ተቀመጥኩ። ስለ ሞቱት ዳግመኛ ያወሩት የለም። የሚያወሩት ስለ ጨርቅ ነበር። «መቀስ።» «እንካ።» «ትንሽ ሳብ አድርገው።» «እንዲህ?» «እንዲያ ነው፣ ወላሂ።» እናቴ ከሱቋ ሆና ይህን ስትሰማ ክር የምትሸጥላትን ሴት ረስታ ዕንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርግ ነበር፤ መንገዱን ተሻግራ መቀስ ያቀበለችበትን ዘመን እሷ ነበረች የምታውቀው።

ቅዳሜ ሲመሻሽ ቀሚሱ አለቀ። የሙሽራዋ እናት እስከ ኩራዙ ድረስ አስጠግታ ብታገላብጠው አዲሱ ሐር ከአሮጌው የተጋጠመበትን ቦታ አላገኘችም።

የአው ነጂብ እጅ ግን ቶሎ አልዳነም። ሁለት ጣታቸው እንደ ድሮው ተዘርግተው አያውቁም። ለዒድ የተቀበሉትን ልብስ ሁሉ የሰፉት ጋሽ መኮንን ናቸው። ቆየት ብሎ አንድ ቀን ሁለቱም ሥራቸውን ዘግተው ወጡ። መጀመሪያ የጋሽ መኮንን ልጅ ያረፈበት ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ዘይነባ ያረፉበት መቃብር ሄዱ አሉ። ሲመለሱ ማንም ምንም አልጠየቃቸውም። እኛ ልጆችም ለተረት ስንሰበሰብ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ አገኘን፤ አው ነጂብ ሲተርኩ ጋሽ መኮንን «አይ፣ ባለፈው እንዲህ አልነበረም ያልከው» እያሉ ያርሟቸው ጀመር።

ብዙ ዓመት አለፈ። እኔ አማርኛ አስተማሪ ሆንኩ፤ ተማሪዎቼ አንድ ቃል ሲያመጡልኝ ትርጉሙን ከመንገሬ በፊት ከየት እንደመጣ ነው የምጠይቃቸው። አው ነጂብ ከጥቂት ዓመታት በፊት አረፉ። ጋሽ መኮንን ጉልበታቸው እየከዳቸው፣ በከዘራ፣ ከአስከሬኑ ኋላ እስከ መቃብሩ ሄደው ተመለሱ። በለቅሶው ቤት ግቢ ውስጥ ድንጋይ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘኋቸውና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። በሕይወቴ ያላልኩትን ያኔ አልኩ።

«ጋሽ መኮንን፣ ያን ቀን ስለዋሸሁዎት ይቅር ይበሉኝ።»

ወደ እኔ ዞሩ። «የቱን ቀን? ነጂብ ስፌትዎ ጠማማ ነው አሉ ያልሽኝን?» አሉና ፈገግ አሉ። «ውሸትሽን መሆኑን እኮ ያኔውኑ አውቄያለሁ። ነጂብ በሰው ሥራ አያላግጥም። ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።»

ክው አልኩ። «ታዲያ ለምን ተነሱ?»

ወደ ግቢው በር ተመለከቱ። ግቢው ውስጥ ሰው ይገባል፣ ይወጣል።

«በየቀኑ ዛሬ እነሳለሁ እል ነበር» አሉ። «ሲያስነጥሰው ይማርህ ልለው አፌ ላይ ይመጣል፣ እመልሰዋለሁ። ዓመቱ በበዛ ቁጥር መነሳት ያሳፍራል፤ እስከ ዛሬ የት ነበርክ ያሰኛል። የምነሳበት ሰበብ አጥቼ ነው እንጂ… አንቺ ደግሞ አመጣሽልኝ። ውሸትም ቢሆን አልመረጥኩም።»

ከዚያ እጃቸውን ዘረጉልኝ። «ደግፊኝ። ልጆቹ ብቻቸውን ናቸው።» ደግፌ አስነሳኋቸው። ሄደው ለቅሶ ደራሽ በሚቀበለው የቤተሰብ መደዳ፣ ከአው ነጂብ ልጆች መሀል ተቀመጡ። የሚገባው ሁሉ ለእነሱ ያለውን ለእሳቸውም ይል ነበር፤ እሳቸውም «አሚን» እያሉ ይቀበላሉ።

በአንድ ክንድ ርቀት፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ በየቀኑ «ዛሬ» እያሉ። ከልጅነቴ ይህ ነው የቀረኝ። ለራሴ ምስጋና አልወስድበትም፤ የተቃጠለው እጅ የእኔ አልነበረምና። ነገር ግን ጀርባቸውን ሰጥተው የሚኖሩ ሰዎች ሳይ ጨርሰው የተጣሉ ናቸው ብዬ አላምንም። አንዳቸው ለሌላው አፋቸው ላይ መጥቶ የመለሱት ቃል ይኖር ይሆናል እላለሁ፤ ቆሜም ቀስ ብዬ አያቸዋለሁ።